«ይቀራሉ» ለሚል አንድ ቃል የቀረበ አቤቱታ

ይድረስ ለተከበሩ፣ አሮጌውን የንግድ ሕንፃ ወደ ሆቴልና ቅይጥ አገልግሎት ማዕከል ለሚለውጠው ፕሮጀክት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የመሬት ወለሉ ልብስ ሰፊ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው የግንብ አቧራ ከሚያስነጥሰኝ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ። «ይማርህ» የሚሉኝ ጎረቤቶቼ ስለወጡ፣ ራሴው አስነጥሼ ራሴው እመርቃለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ያስለጠፉት ማስታወቂያ «በመሬት ወለል ያሉ ነባር ሱቆች ይቀራሉ» ይል ነበር። በሕንፃችን ደብዳቤ ሲመጣ አንብቤ የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ ማንም አልሾመኝም፣ መነጽር ስላለኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ደረጃው ላይ ወጥቼ፣ ፎቁ ሆቴል ቢሆንም እኛ ባለንበት እንደምንቀር አበሰርሁ። ፀጉር ሠሪዋ እልል አለች። ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዱ «የተማረ ይግደለኝ» አለ፤ እኔም አላሳፈርሁትም። ባለቤቴ ብቻ «ሰርጉ ቀረ ሲባልስ፣ ሰርጉ እዚያው ተቀመጠ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገር አታጣምሚ ብዬ ተቆጣኋት።

እንግዲህ በደሌን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያዎ ምንም ስሕተት የለበትም፤ አቤቱታዬን ያዳከመውም ይኸው ነው። ይቀራሉ ብለው ነበር፣ ይኸው እስከ ዓርብ ውጡ ተብለን ቀረን። ቋንቋችን ለሚሰነብተውም ለሚሰረዘውም አንድ ቃል መስጠቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ከቃላት ሁሉ እሱን መርጠው ማግኘትዎን ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ «ቅይጥ» የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ቅይጥ ጨርቅ ሰፍቻለሁ፤ ሲታጠብ አንዱ ክር እንደሚሰበሰብም አውቃለሁ፣ የሚሰበሰበው ክር እኛ እንደሆንን ግን አልጠረጠርሁም። ሳይለኩ መቁረጥ ነውር በሆነበት ሙያ አርጅቼ ቃሉን ሳልለካ ቆረጥሁት። እንዲያውም ሆቴል ያለ ልብስ ሰፊ አይሆንም ብዬ፣ ባለ ወርቃማ ቁልፍ የበር ጠባቂ ኮት ለናሙና ሰፋሁ። ሌላ ሰው ስላልነበረ የለካሁት በራሴ ላይ ነው። በር ጠባቂ ሲፈልጉ ልኩ ዝግጁ ነው።

ሦስተኛው ቀልድ የለበትም። «በማስታወቂያው ተስማምተናል» የሚለውን ቅጽዎን ከሱቅ ሱቅ ይዤ ያስፈረምሁት እኔ ነኝ። ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ስለደከመ ቅጹን አላነበበም፤ የፈረመው እኔ ጣቴን ባሳረፍሁበት ቦታ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው በአንድ መስኮት ብርሃን ነው፤ ከዚያ ሌላ ቦታ የሰዓት ጥርስ አይታየውም። ከትናንት ወዲያ መሣሪያዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ሰብስቦ ሲወጣ «አንተም እንደኛው አላወቅህም» ብሎ አጽናናኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አፍሬያለሁ።

የእምዬን ወደ አብዬ እንዳይሆንብኝ ጥፋቱን ወስጃለሁ። ሆኖም በሩ ላይ በተለጠፈው የሆቴሉ ፕላንዎ ላይ ያ መስኮት እዚያው አለ፤ ከሥሩ «የሻንጣ ማስቀመጫ» ተብሎ ተጽፏል። ሻንጣ ብርሃን ምን ያደርግለታል? ለሰዓት ሠሪው እዚያች ጥግ አንድ ጠረጴዛ ያስቀሩለት። ያስቀሩለት ስል ይተዉለት ማለቴ ነው፤ ይተዉለት ስልም ይሰርዙበት ማለቴ አይደለም። ከእንግዲህ ከእርስዎ ጋር ስነጋገር እንዲህ ግራና ቀኝ እየሰፋሁ ነው።

ስለ ቅን አስተዳደርዎ፣ ስለ ማኅተምዎ ጥራትና ዐማርኛዬን ስላሻሻሉልኝ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የነባር ተከራዮች አንባቢ፣ ተርጓሚና አስፈራሚ፣
እስከ ዓርብ ድረስ የመሬት ወለሉ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ እኛ የመጨረሻዎቹ ዓርብ ወጥተን ቅዳሜ ለሚደረገው የፕሮጀክቱ ማብሰሪያ የላኩልን የጥሪ ካርድ ደርሶናል። ግርጌው ላይ «እንዳይቀሩ» ይላል። አሁን ለብቻዬ መተርጎም ስለተውሁ ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ ስታበቃ «ይኼን በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?» አለች።