ታረቀኝ ከመሄዱ በፊት ስንበላ የዋልንበት እሁድ

ይድረስ እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽን ለእትዬ ታየች፣ ጨንቻ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የደጋው ብርድና ጭጋግ እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽን የሚያምሽ ተሻለሽ ወይ? የእማማስ ዓይን እንዴት ሆነ? ልጆችሽ፣ ከብቶቹ፣ እንሰቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ዓለሜና ልጆቹ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ የጭነት መኪና ሾፌሩ ባጫ በእጁ ይሰጥሻል። የሚያነብልሽ ሰው እማማ በሌለችበት ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ታናሽ ወንድማችንን ታረቀኝን ወሰዱብኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ሸማ እየሠራ ሳለ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ በቅጡ ሳያወጣ ይዘውት ሄዱ። ደጅ ስጠና ውዬ፣ ሰኞ ጠዋት ራሴ ላቀርበው ዋስ ሆኜ አስፈታሁት። ባይቀርብ በእሱ ፈንታ እኔ እንደምታሰር ሊቀመንበሩ እየደጋገመ ነገረኝ።

ቤት እንደገባን ምን ላድርግልህ ስለው፣ “ነገ እሁድ ነው፣ ሥራ የለም። የምወዳቸው ቤቶች ሁሉ ውሰደኝና አብላኝ” አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ታውቂው የለ፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሆዱን የሚወድ ልጅ ነው። እኔም የልቤን በልቤ ይዤ እሺ አልኩት። ከባጫ ጋር ተነጋግሬ፣ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ገበያ ከጥብስ ቤቱ ጀርባ መኪናውን አቁሞ እንዲጠብቀን፣ ልጁንም በጆንያዎቹ መሃል ሸሽጎ እንዲያመጣልሽ ጨርሰን ነበር። ለዓለሜ እንኳ አልነገርኳትም።

ጠዋት እዚሁ ሽሮ ሜዳ እትዬ ሰርኬ ዱለት ቤት ገባን። እንደሚሄድ ሰምታ ኖሮ፣ ሳህኑን ከፊቱ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። እሱ ግን “እትዬ፣ ዛሬ ቅቤውን ረሳሽው እንዴ?” ብሎ ጮኾ እያለቀሰች አሳቃት።

ከዚያ በውይይት ታክሲ ፒያሳ ወረድን። ደመወዙን ባገኘ ቁጥር ከሚሄድበት ፓስታ ቤት ገባን። እሱ በሹካ እየጠቀለለ ሲጎርስ እኔ በማንኪያ እየቆራረጥኩ ስታገል፣ “ይህን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባ ኖረህ ፓስታ መብላት አልተማርክም!” ብሎ ሳቀብኝ። አጠገባችን ያሉትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳህኔን ግን ወደ እሱ ገፋሁለት። ኬክ ቤትም ገባን። ክሬሙ አፍንጫው ላይ ተለጥፎ ሳየው ያ አንቺ ያዘልሽው ልጅ መሰለኝ።

ጥብስ ቤቱ ስንደርስ ባጫ መኪናውን አቁሞ አየሁት። ጥብሱ እየተንጨረጨረ መጣ። ጥቂት እንደበላን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ “ባጫ ከጀርባ እየጠበቀህ ነው። እጁን የሚታጠብ ሰው መስለህ በጓሮ ውጣ፤ እትዬ ዘንድ ያደርስሃል” አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። “ነገ አንተን ሲያስሩህስ?” አለኝ።

“የኔን ለኔ ተወው” አልኩት።

“ልጆችህን ማን ያበላቸዋል? እነሱንም ለኔ ተወው ልትል ነው?” አለኝ።

ለመንኩት። ሰው ያየኛል ሳልል ከወንበሬ ወርጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ብብቴን ይዞ አነሣኝ። ከዚያ ደህናውን ሥጋ መርጦ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ “እንካ ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላህም” ብሎ አጎረሰኝ። እትዬ፣ ጉርሻውን ከእምባዬ ጋር ዋጥኩት። ውጭ ባጫ ጡሩምባ ነፋ። ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ታረቀኝ መኪናው ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ጥብሱን ያገላብጥ ነበር። አንድ ቁራጭ እንኳ አልጎረሰም። ቀኑን ሙሉ ሲያስቀኝ የዋለው ፈርቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ እጁን ይዤ በገዛ እግሬ ወስጄ አስረከብኩት። በዚያው ሳምንት በከባድ መኪና ጭነው ሲያወጧቸው ከእናቶቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ራስ መሃል አየኝና አንድ ነገር ጮኾ ነገረኝ። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ሞተሩ ያጓራል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ምን እንዳለኝ አላውቅም። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚነግረንም የለም። አንዱ ብላቴ ማሠልጠኛ ናቸው ይላል፣ ሌላው ሳይሠለጥኑ ወደ ሰሜን ተሻገሩ ይላል። የትኛውን ልመን?

የጀመረው ነጠላ እንደተወጠረ ነው። ልጨርስለት እቀመጥና መወርወሪያውን አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። እህል አይወርድልኝም። ልጆቼ አጠገቤ ሲጫወቱ ማየት እንኳ ከብዶኛል፤ በእሱ ምትክ የተሰጡኝ ይመስለኛል። ዓለሜ ይህን ስነግራት ሕፃኑን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። እትዬ፣ ምን ላድርግ? መላ ካለሽ በባጫ ላኪብኝ። አንድ ወሬ ብትሰሙም፣ ክፉም ቢሆን አትደብቁኝ።

ለባልሽ ለጋሽ ቶለሳ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አዲሳለምን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጅሽን ጉልላትን ግን ወደ ከተማ እንዳትልኪው፤ ዕድሜው እየደረሰ ስለሆነ ገበያም ብቻውን አይውጣ። የእማማን ጉልበት ስለ እኔ ሳሚልኝ። የልጇን ነገር እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔስ አቅቶኛል። መጀመሪያ የምትጠይቅሽ በልቶ ነው ወይስ በባዶ ሆዱ የወሰዱት ብላ ነው። በልቶ ነው በያት። የበላው እሁድ፣ የወሰዱት ሰኞ መሆኑን ግን አትንገሪያት።

ወንድምሽ ጌጡ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ግንቦት 27 ቀን 1980 ዓ.ም.