አንገቱ የጠቆረ ቀለህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምጽፈው ለእሱ ስል ነው። እጅህ አልከዳህም። የአባታችን ጠመንጃም አልከዳህም። ያን ቀን ጠመንጃው ቀለሁን አልተፋም ብሎ የነከሰብህ በጥይቱ ምክንያት ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ከረምክ? ትከሻህስ እንዴት ነው? ልጅህና ባሏ ደህና ናቸው? የአሪዞና ሙቀት ለአጥንት መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ቢሆንም አንተ በረዶ ሳይወርድብህ የከረምክበት ዓመት ስለሌለ አሳቤ ካንተ ጋር ነው። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል፤ ሰዉ ማገዶውን እየከመረ ነው። ነፍሷን ይማርና የሚስትህ የሌምፒ እህት ሳይማም ደህና ናት። የሽመና ዕቃዋን ወደ እኔ ምድር ቤት ስላዛወረች የሥራ ጠረጴዛውን ለሁለት ተካፍለናል።

በፋሲካ ካርድህ ላይ፣ ጠመንጃውን ለአደን ጓደኛችን ለሩዲ ልጅ ስጥልኝ፣ ለእኔ ከእንግዲህ እንጨት ነው ብለህ ነበር። የተበላሸ ዕቃ ለሰው አስረክቤ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ምን እንደነካው ሳላይ አልሰጥም ብዬ ከአደን ጎጆው ግድግዳ አወረድኩት።

ያን ቀን፣ በመጨረሻው አደንህ፣ ከአደን ማማዬ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ባለ ትልቅ ቀንዱ አጋዘን ከረግረጉ ጥድ ውስጥ ወጣ። የመጀመሪያውን ተኮስክ፤ መታኸው፣ ግን ወደ ኋላው አድርገህ። ሁለተኛው አልተከተለም። ሰደፉን በጉልበቶችህ መሀል ጠምደህ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ባስቀረልህ በአንዱ እጅህ መቀርቀሪያውን ስትጎትት፣ ከሩቅ ላም የምታልብ ትመስል ነበር። እስክታስለቅቀው አጋዘኑ ደሙን እያንጠባጠበ ጥዱ ውስጥ ገባ። ሩዲ እስኪመሽ ተከትሎ ባይጨርሰው ኖሮ በስቃይ ያድር ነበር። አንተን የጎዳህ ይሄኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀንዱን ማጣትህ አይደለም።

ማታ ፓስቲያችንን፣ ያን ሥጋና ድንች የተሞላ ኅብስት፣ ስንበላ ሩዲ፣ “አይዞህ ጌታው፣ ለከርሞ ከቀስተኞቹ ጋር እናወጣሃለን” አለ። ሁሉም ሳቀ። ወዲያው ቀስት ስንት እጅ እንደሚፈልግ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ሳቁ ቆመ። ፈገግታው ሳይጠፋ የቀረው ያንተ ፊት ላይ ብቻ ነበር። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ጠመንጃውን ከሚስማሩ ሰቅለህ፣ መኪናው በር ላይ “እጄ ላልቷል፤ ይሄ ጠመንጃ ደግሞ የላላ እጅ አይወድም” አልከኝ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ አጥብቆ የሚይዘው ይፈልጋል ከሚለው ከማውቀው ሳይንስ ጋር ስለተስማማ እኔም አመንኩህ።

ተማሪዎቼን ዕድሜዬን ሙሉ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ እያልኩ ሳደርቃቸው ኖሬያለሁ። አሁን ለራሴ አደረግሁት። ካንተ የቀረው የጥይት ካርቶን አለ፤ ሌምፒ በመጨረሻው ክረምቷ የሠራችው። ሌላም ካርቶን ከጎጆው መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳር ቆርቆሮው ጀርባ አገኘሁ፤ ይህኛው ከትከሻህ ቀዶ ጥገና በፊት የሠራችው ነው። ሁለቱን ብታስተያያቸው መንታ ናቸው።

የመጨረሻውን ካርቶን ጥይት አጉርሼ፣ ሰደፉን በሁለት እጄ ከትከሻዬ ጋር አጥብቄ ተኮስኩ። ነከሰ። ደገምኩ፤ ነከሰ። ከዚያ የድሮውን አጉርሼ፣ አንዱን እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እንደ ሰነፍ ወታደር አላልቼ ያዝኩት። ጠመንጃው ቀለሁን ከበርች ዛፉ ሥር ወርውሮ ሌላውን ጎረሰ። እየደጋገምኩ ተኮስኩ፤ አንዴም አልነከሰም። ወንድሜ፣ የላላው እጅ አልነበረም።

ቀለሆቹን ለቀምኩ። የድሮዎቹ አንገታቸው ንጹሕ ነው። የኋለኞቹ ከጫማዬ አጠገብ ነው የወደቁት፤ አንገታቸው ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ባሩዱ በቂ ግፊት ሲኖረው ቀለሁ ተነፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋዋል፤ ጢስ ወደ ኋላ አይመለስም። ግፊቱ ሲያንስ ጢሱ በአንገቱ ዙሪያ ሾልኮ ያጠቁረዋል። ከዚያ ያልተተኮሱትን እየፈታሁ ባሩዳቸውን መዘንኩ። ከድሮዎቹ ያነሰ ነው። በስህተት የጎደለ ቢሆን አንዱ ጥይት በዝቶ ሌላው ባነሰ ነበር። ሁሉም እኩል ነው የጎደለው። ሆን ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ ሚዛን የሚያውቅ እጅ ነው የቀነሰው።

የዚህን ጠመንጃ ጥይት ሱቆች መሸጥ ከተዉ ጀምሮ ላንተ ጥይት የሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ መፈተኑን አቆምኩ። ያንተን እጅ ነፃ ለማውጣት የሞተችን ሴት መክሰስ ሊሆንብኝ ነው። ዝም ብል ደግሞ አንተ እዚያ በረሃ ውስጥ እጅህን እየጠላህ ትኖራለህ። መሄጃው ሲጠፋኝ ሳይማን ጠየቅኋት። ሽመናዋን ሳታቆም፣ “ታዲያ እስካሁን አልገባህም? አንተም አስተማሪ ተብለህ!” አለችኝ። የሆነውን ነገረችኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በነበረው አደን ትከሻህ እንደበሰለ ፕለም ጠቁሮ ቤት ገባህ አሉ። ሌምፒ ስትጠይቅህ “በር መታኝ” አልካት። እሷም ለእህቷ፣ “የትኛው በር ነው በየኅዳሩ ባሌን ብቻ እየጠበቀ የሚማታው? አትሂድ ብለው ይሞትብኛል። እስቲ ከበሩ ትንሽ ልቀንስለት” ብላ ሳቀች። ሳትነግርህ የቀረችው ኩራትህን ስለምታውቅ ነው። የዚያን ክረምት ጥይት ስትተኩስ ለማየት አልደረሰችም።

ባሩዱን አሳንሳ ትከሻህን ከሚመታው ምት ላይ ቀነሰችልህ። ያ ጠመንጃ ግን ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው ከዚያው ከምቱ በሚያገኘው ጉልበት ነው፤ አፈሙዙና መቀርቀሪያው አብረው ወደ ኋላ የሚሄዱት እሱ ሲገፋቸው ነው። ትከሻህን ስታሳርፈው ጠመንጃውን አስራበችው። ይህን እሷ አላወቀችም፤ አንተም አላወቅህም። አትቀየማት።

ይህን ስጽፍ ያ ምድር ቤታችሁ ፊቴ ላይ መጣ። ከሳውናው በር የሚወጣው ሙቀት፣ የፖልካ ዘፈን የሚጫወተው ሬዲዮ፣ ሌምፒ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ። እያንዳንዷን ጥይት ስትጨርስ የብረት መለኪያው ውስጥ ጣል እያደረገች፣ “ግቢ። ውጪ። ጨዋ ልጅ ነሽ” ትላት ነበር። አልገባ ያለችዋን ደግሞ፣ “አንቺ የአማቴን ወገብ ይዘሽ ነው የመጣሽው” ብላ ለብቻ ታስቀምጣታለች። አንተ ጨርቁን በቆራጣው ክንድህ ተጭነህ ቀለህ ትወለውላለህ፤ “ሚስቴ ባሩድ ካልሸተተች አላውቃትም” ትላለህ። እኔ ደግሞ ሚዛኑን ነፋስ እንዳይነካው በሩን የምዘጋ ሰው ነበርኩ። አባታችን ጠመንጃውን እኔን ታላቁን ትቶ ላንተ ሲሰጥህ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ያ ቅሬታ የወጣልኝ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

አሁን በድሮው ልክ አዲስ ጥይት ሠርቼልሃለሁ። ቀለሆቹን ወደ ልካቸው መልሼ፣ ርዝመታቸውን ከርክሜ፣ የአፋቸውን ጠርዝ አረሩ ላይ አጥብቄ፣ በሌምፒ የብረት መለኪያ አንድ በአንድ ለክቻቸዋለሁ፤ ግቢ፣ ውጪ እያልኩ። ሳይማ “የእህቴን ሥራ ከነአነጋገሯ ወረስከው” ብላ ሳቀችብኝ። ጠመንጃው ሁሉንም ያለ አንዳች ማንገራገር ጎርሶ ተፍቷል። ምቱ ግን እንደ ድሮው ነው፤ አልዋሽህም። ለዚያ ሳይማ ከአደን ኮትህ ትከሻ ውስጥ ወፍራም የሱፍ ንጣፍ ሰፍታለች። ሌምፒ ከባሩዱ የቀነሰችውን እሷ በሱፍ ጨመረችው።

ለሩዲም ነግሬዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ አገላበጠና፣ “ታዲያ ያን ቀልዴን የት ልቅበረው?” አለኝ። በማግስቱ መጋዝና ሳንቃ ይዞ ወደ ረግረጉ ሲሄድ አየሁት። የማማህ መሰላል አሁን ሰፋፊ መወጣጫና በስተቀኝ በኩል መያዣ አለው። ጠመንጃውን ልጄ አይነካውም፣ ባለቤት አለው ብሏል።

ከመጨረሻው ካርቶን አንዷን ጥይት አልፈታኋትም። በሌምፒ መሀረብ ጠቅልዬ ከስኳር ቆርቆሮው ጀርባ አስቀምጫታለሁ። ጠመንጃው አይፈልጋትም፤ አንተ ግን ትፈልጋት ይሆናል።

ለአደኑ መክፈቻ ና። ስትመጣ ግራጫውን ሱፍ ልብስህንም ይዘህ ና፤ የአደኑ ወራት ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሚዜ ሆኖ ከጎኔ የሚቆም ወንድም ያስፈልገኛል። ሳይማ “ይሄን እኔ ነኝ የምነግረው” ስላለች ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እግዚአብሔር የቀረህን እጅ ያጽናልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ የሌምፒንም ነፍስ ያሳርፍልን። ጠመንጃውን አሁን ከመለስኩበት ሚስማር ማን እንደሚያወርደው ማወቅ አለብኝ። በረዶው ሳይወርድ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በዚያው ሳምንት መልስህን ጻፍልኝ።

ታላቅ ወንድምህ