ለማነጻጸሪያነት ስለተቀመጠችው የልጅ ልጄ

ለክቡር የትምህርት እኩልነት ተመራማሪ ፕሮፌሰር፤

ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ ጉልበትዎም እንደ እኔ ጉልበት ሳይንቋቋ ይቆይልን እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ቤት ውስጥ በእናቷ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ የምትናገር የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አያት ነኝ። እርስዎ «ተሳታፊ አሥራ አራት» ይሏታል፤ እኛ ቤት ውስጥ «ቁንጫዬ» ነው የምንላት።

ለእንዲህ ያሉ ልጆች እኩልነት ሃያ ዓመት እንደደከሙ ጋዜጣ ላይ አንብቤ እጅ ነሥቻለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም ቅሬታዬን በቁጥር አሰናድቻለሁ።

፩ኛ፦ ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ክፍል በሁለቱም ቋንቋ የምታስተምር መምህርት ሰጡ። ቁንጫዬ የደረሳት ሁለተኛው ክፍል ነው። ምነው ብዬ ብጠይቅ፣ እርዳታ ያገኙት ምን ያህል እንደተጠቀሙ ለማየት ምንም ያላገኙ ልጆች የግድ እንደሚያስፈልጉ ረዳትዎ በትሕትና አስረዱኝ። የልጅ ልጄ ለዚህን ያህል ትልቅ ሥራ መታጨቷን አላወቅሁም ነበር።

፪ኛ፦ የመምህርቷ ጥቅም በመጀመሪያው ዓመት ተረጋገጠ፤ ይህንንም ያወቅሁት እርስዎ ሲሸለሙ ነው። እኔ ሞኙ፣ እንግዲህ በሩ ለሁሉም ይከፈታል ብዬ አዲስ ቦርሳ ገዛሁላት። ጥናቱ ግን ልዩነቱ ሲሰፋ ለማየት ሁለት ዓመት ተራዘመ።

፫ኛ፦ ውጤቱ እንዳይበላሽ ቤት ውስጥ ማንበብ እንዳላስተምራት በደብዳቤ ለመኑኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ተለምኛለሁ፤ አንዲት ልጅ ፊደል ሳትለይ እንድትቆይልኝ ብሎ የለመነኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። የተማረ ሰው ለመነኝ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ ማለቴን ሳስበው፣ ራሴን እጸየፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልወስዳት ስሄድ፣ በአንደኛው ክፍል መስኮት ተንጠራርታ ልጆቹ ሲያነቡ ስታይ አገኘኋት። «አባባ፣ እኔ እዚህ ያልገባሁት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው አይደል?» አለችኝ። ይህን በየትኛው ሠንጠረዥዎ እንደሚያስገቡት አላውቅም።

ስለዚህ ተሳታፊ አሥራ አራት ከጥናትዎ ወጥታለች። ሰኞ ጠዋት እጇን ይዤ አንደኛው ክፍል እገባለሁ፤ ወንበር ከጠፋ እኔ ወለሉ ላይ፣ እሷ ጭኔ ላይ እንቀመጣለን። ዘበኛው ሊያስወጣን ከፈለገ ሁለታችንንም ተሸክሞ ይሞክር፤ እኔ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለሁም።

ስለ ሽልማትዎ ደስታዬን፣ ስለ ሥራዎ ትዝብቴን እየገለጽኩ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቁንጫዬ አያት

ማስታወሻ፦ ይህን በቋንቋችን የጻፍኩት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያጠኑን የኖሩ ሰው ማንበብ አያቅታቸውም ብዬ ነው። ካቃተዎት ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይታገሡ፤ ቁንጫዬ ራሷ ታነብልዎታለች።