የኦቦ ቶሎሳ ቀኝ እጅ

ሰኞ

ዛሬ ከጆሮ አለፈ። ቀኝ እጃቸው። ግራው ሳይደግፈው፣ ብቻውን፣ እየተንቀጠቀጠ ከጆሯቸው አለፈና ወደቀ። እኔ ጮህኩ። ኦቦ ቶሎሳ ግን የወደቀውን እጅ የሌላ ሰው ይመስል አዩትና «ደከመው» አሉ።

አከራያችን ናቸው። እኔና እማዬ የአዲስ አበባ ኪራይ ከብዶን ሱሉልታ ስንገባ ደህና ነበሩ፤ አጥራቸውን ራሳቸው ያጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ማሳቸው ላይ ችካል የሚተክሉ ሰዎች መጡ። በሳምንቱ ስትሮክ ጣላቸው። አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ የነበረው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተባለ፣ ችካሉ ግን እስካሁን እዚያው ቆሟል፤ የኦቦ ቶሎሳም ቀኝ ጎን አልተመለሰም። ሲስቁ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚስቀው፣ የግራው። ምላሳቸውም ዘገየ፤ ቃሉን እስኪያገኙት ሰው ቀድሞ ይጨርስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ የምጨርሰው።

እኔ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሱሉልታ የሯጭ አገር ናት፣ እዚህ ሥራ አላጣም ብዬ ነበር። ያገኘሁት ኦቦ ቶሎሳን ነው። ማንም አልቀጠረኝም። በራቸውን አንኳኩቼ «እንሞክር» አልኳቸው።

የምንሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ትከሻ እስኪላላ። ከዚያ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳብ ያነሱታል፤ ክብደቱ እስኪሰማቸው፣ ክርኑ ሲዘረጋ፣ እጅጌው ወደ ታች ሲሸሽ እስኪታወቃቸው። አንጎል በሐሳብ የተነሳውንም በእውን የተነሳውንም እጅ የሚያስተናግደው ከሞላ ጎደል በአንድ ሰፈር ነው። ቀጥሎ በእውን። ግራው የቀኙን አንጓ ይዞ ሽቅብ ይወስደዋል፣ ከራስ በላይ በመስቀለኛ ይጣመራሉ፣ ይወርዳሉ። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሳም፤ ጎረቤቱ ነው ሥራውን የሚለምድለት።

ይህን ሳስረዳቸው የጎጃምን መንገድ ጠቀስኩላቸው። «መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋ ታክሲዎቹ በባሕር ዛፉ መሀል አይሄዱም? መጀመሪያ አንዱ ሚኒባስ እየተንገጫገጨ ያልፋል፤ ሲመላለሱበት መንገድ ይሆናል። ጭንቅላትም እንደዚያ ነው።»

ቆዩ፣ ቃሉን ፈለጉ። «ታዲያ... ታሪፍ... አይጨምርም?»

ረቡዕ ጠዋት የሯጮቹ አሰልጣኝ ልጆቹን ይዞ ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ይሆናል። እኛም እዚያ እንሠራለን ብያለሁ። እማዬ ሰማችኝ።

«ያን እጅ ማጣመር በግቢ አድርጉት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ እኮ።»

«ስፖርት ነው፣ እማዬ።»

«ለሚያየውስ?» አለች፤ ልብስ ማጠቧን ቀጠለች።

እጅን ከራስ በላይ ማጣመር የተቃውሞ ምልክት እንደሆነ፣ አዋጁ ከወጣ ወዲህም በእሱ ሰው እንደሚያዝ አጥቼው አይደለም። ግን ጎኑ የማይሠራ ሽማግሌ ነው። ማን ምን ይለዋል።

ማክሰኞ

ዳታ ዛሬም የለም። ለአሰልጣኙ የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ዋልኩ። ከሩጫ በፊት ትንፋሽ። ውድድሩን ቀድሞ በሐሳብ መሮጥ። የተጎዳ ሯጭ ተኝቶም ልምምዱን እንዳይረሳ ማድረግ። «ሥራ ካለ» አልለውም። እንዲሁ ያየኛል፤ ካየኝ ራሱ ይጠይቀኛል።

ኦቦ ቶሎሳ «ግቢው... አይሻልም?» አሉኝ።

«አየር ያስፈልግዎታል» አልኳቸው። ሱሉልታ ላይ ግቢ ውስጥ አየር ያጠረ ይመስል።

አልተከራከሩኝም። «ኢሺ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደስ ሲላቸውም ሲቸግራቸውም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ባለቤታቸው አዴ ብርቄ ነጩን ጋቢ አጥበው አሰጡላቸው።

አንጎል የሚማረው ሰው ሲረጋጋ ነው ብዬ አስተምራለሁ። እኔ ራሴ ዛሬ ምሳዬን ቆሜ ነው የበላሁት።

ረቡዕ

ኦቦ ቶሎሳን ወሰዷቸው።

መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ

ልጻፈው።

ጉም ነበር። ሯጮቹ ከጉሙ ይወጡና ተመልሰው ይገባሉ። አሰልጣኙ ማዶ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ትንፋሹን ጨረስን፣ የሐሳቡንም ጨረስን። ተነሱ። ጋቢያቸውን ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። አሰልጣኙ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሲመስለኝ «ዛሬ ግራው አይርዳው። ሁለቱንም ለየብቻ፣ ከራስ በላይ፣ ያጣምሯቸው» አልኩ። ጮክ ብዬ። እንዲሰማ።

ተነሳ። ከጆሮ አለፈ፣ ከኮፍያቸው አለፈ፣ ግራውን እላይ አገኘው። አንጓ ባንጓ። ስንት ወር የጠበቅነው ነገር ነው፤ ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ። እኔ አሰልጣኙን ነበር የማየው። ስለዚህ ፓትሮል መኪናው ሲቆም አላየሁም።

«አውርድ» አላቸው ከመኪናው የወረደው ፖሊስ።

ማውረድ አልቻሉም። ሲደነግጡ ያ እጅ ይደርቃል፣ ሕመሙ እንደዚያ ነው። እምቢ ያሉ መሰለ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልመጣም። ወደ እኔ ዞሩ። ቃል ሲጠፋቸው ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው የሚዞሩት።

«አንቺስ ምኑ ነሽ?» አለኝ።

«መንገደኛ ነኝ» አልኩ።

ጋቢያቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።

መኪናው ላይ ሲያወጧቸው እጃቸው ግማሽ ወርዶ ነበር። ወደ እኔ አላዩም። ወይ አይተዋል፤ እኔ ነኝ መሬት መሬት ሳይ የነበርኩት።

ለአዴ ብርቄ ደግሞ ሌላ ውሸት ዋሸሁ። ውሃ ልገዛ ሄጄ ስመለስ ወስደዋቸው አገኘሁ አልኩ። ጋቢውን ተቀበሉኝና አጣጠፉት። ከዚያ «እንኳን አንቺን አልነኩሽ» ብለው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በላሁት ደግሞ።

ዓርብ

አዴ ብርቄ ምሳ ይዘው ጣቢያ ሄደው ነበር። ምግቡ ገባ። የደም ግፊት ክኒናቸው ተመለሰ፣ መድኃኒት አይገባም ተብሎ። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ እንደ መጀመሪያው እንደማይምር በዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጣቢያ ያሉት ሰዎች ደግሞ የያዙት በሽተኛ መሆኑን እንኳ አያውቁም። ያየላቸው፣ ሊመሰክርላቸው የሚችል ሰው መንገደኛ ነው።

ለመረጋጋት ቁጭ አልኩ። ዓይን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ አስገብቶ፣ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ሠራ። ልቤ ቀዘቀዘ። እንደ ተማርነው ነው፤ ረዘም ያለ ትንፋሽ ሰውነትን አደጋ የለም ብሎ ያሳምነዋል። ችግሩ፣ ስረጋጋ ነገሩ ይበልጥ ጠራልኝ። «መንገደኛ ነኝ» ስል ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር ሳይቀር ሰማሁት። ትሁት ነበር። ወንበር የምለቅለት ይመስል። ጭንቀቱ ሲነሳ ኀፍረቱ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ ለእሱ የሚሆን ልምምድ ማንም አላስተማረኝም።

እማዬን ነገርኳት።

«ሄደሽ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው ልትዪ? እነሱ እኮ የሚፈልጉት አስተማሪውን ነው። አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች፣ ተወችው።

«ጋቢያቸውን እንኳ አላለበስሻቸውም?» አለችኝ።

ቅዳሜ

ከአዴ ብርቄ ጋር ሄድኩ። ታክሲ የለም፣ በእግር። ስንወጣ እማዬ መታወቂያዬን አምጥታ ኪሴ ውስጥ ከተተችው።

መንገድ ላይ ለአዴ ብርቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውሃውንም። ምሳ ዕቃውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አውቃለሁ። አሰልጣኙ ያን ዕለት ከአንቺ ቀድሞ መጥቶ ነገረኝ።»

እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። አይቶኛል።

«ታዲያ ዳቦውን ለምን ሰጡኝ?»

«ርቦሽ ነበራ።» ትንሽ ሄድን። «እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ባትነግሪኝ ለእናትሽ ቤት ፈልጉ እላት ነበር።» ሲናገሩ አልተቆጡም። ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ጣቢያ ያገኘን ኃላፊ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። ቆሜ ነገርኩት። ስትሮክ እንደመታቸው፣ እንቅስቃሴውን ያዘዝኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ አውርድ ሲባሉ እጃቸው ስለደረቀ ነው እንጂ እምቢ እንዳላሉ፣ ክኒኑ ቢቀር ምን ሊመጣ እንደሚችል።

«ስፖርት» አለ አጠገቡ ወደ ቆመው፣ ረቡዕ ከፓትሮሉ ወደ ወረደው ፖሊስ እያየ። «እስቲ አሳዪን።»

«ምኑን?»

«ያስተማርሽውን ነዋ።»

ግቢው ውስጥ ጠብመንጃ የያዙ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እጄን አነሳሁ። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጤነኛ እጅ ነው፣ ምንም አልሆነም፣ አልሄድ አለኝ። እጅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ለኦቦ ቶሎሳ ጠዋት ጠዋት «ትንሽ ከፍ፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ከፍ» የምለው ይህንን ኖሯል። ከግድግዳው በኩል አንዱ ሳቀ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በሐሳብ አነሳሁት፤ ክርኑ ሲዘረጋ፣ እጅጌዬ ሲሸሽ፣ አንጓ ከአንጓ ሲገናኝ። ተነፈስኩ። ከዚያ በእውን አነሳሁና ከራሴ በላይ አጣመርኩት።

ሳቁ ቆመ። አዴ ብርቄ ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

«አውርጂ» አለ ኃላፊው። አወረድኩ። «ረቡዕ መንገደኛ ነኝ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ተከራያቸው ነኝ። አስተማሪያቸው ነኝ።»

ስሜን ጻፈ። ክኒኑን ተቀበለ። «ነገ ተመለሱ» አለን። ነገ የተባለው እሳቸው እንዲወጡ ይሁን እኔ እንድገባ አልገባኝም፤ መጠየቁንም ፈራሁ።

እሑድ

ፈቷቸው። ለምን እንደፈቷቸው አልነገሩንም፣ እኔንም ማንም አልጠራኝም። እስካሁን።

ፊታቸው ገርጥቷል፣ እግራቸው ከበፊቱ ይበልጥ ይጎትታል። ጋቢውን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ደረብኩላቸውና ከኋላ ቀረሁ፤ ቤት እስክንደርስ ከኋላቸው ነው የሄድኩት።

እጃቸውን ለማየት ፈርቼ ነበር። አዴ ብርቄ ናቸው «እስቲ አሳያት» ያሏቸው። ተነሳ፣ ደረታቸው ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ወደ ኋላ ሄዷል። ብርድና ድንጋጤ እንዲህ እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ከባዶም እንደማንጀምር አውቃለሁ። ማወቄ ግን ዓይኔን ከወለሉ አላነሳልኝም።

ከዚያ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ ነገሩኝ። እኔም ሳልጨርስላቸው ጠበቅኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወጣቶች ሞልተውታል፣ እጅ ማንሻ ቦታ የለም፤ ቢኖርስ ማን ያነሳል። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑና በሐሳብ ያነሱት ነበር። ልጆቹ የሚጸልዩ መስሏቸው ድምፃቸውን ይቀንሱላቸዋል።

«አንድ ቀን... አወጣሁት» አሉ። «እስከ... ኮርኒሱ።»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ያን ቀን እኔ...» ብዬ ስጀምር በሩ ተንኳኳ። ባለሱቁ ሐጂ ከድር ናቸው፣ ስኳር ይዘው እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ሊሉ መጥተው ነው። ተሳሳሙ፣ ተቀመጡ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ይቺ ልጅ ማናት? ሱቅ ስትመጣ አያታለሁ።»

ኦቦ ቶሎሳ ቃሉን ፈለጉ። እንደ ልማዴ ልቀድማቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ቆዩ። ረጅም ነው የቆዩት።

«መንገደኛ... ናት» አሉ።

ሐጂ ከድር ሳቁ። አዴ ብርቄ አልሳቁም፤ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ነበር የሚያዩት። እኔም ፊታቸውን ለማየት ቀና አልኩ። የተቀመጥኩት ግን በቀኛቸው ነው፣ በማይስቀው በኩል።

ስወጣ ጠሩኝ። «ነገ... ጠዋት» አሉኝ።

ግቢ ይሁን ሜዳ አልጠየቅኩም።