የወንድሜ መድኃኒት በእኔ ጠባሳ

ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ዛሬ ከጅማ ተመለስኩ። ትከሻዬ ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ እያበጠ ስላስቸገረኝ የቆዳ ሐኪሙ እዚያው ጠባሳው ውስጥ መርፌ ወጋኝ። ሕመሙን ቻልኩት። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ «ብሊዮማይሲን» የሚለውን ሳነብ ግን ክው አልኩ። ታላቅ ወንድሜ አንገቱ ላይ ካንሰር ወጥቶበት አዲስ አበባ ሲታከም ይወስደው የነበረው መድኃኒት ነው። አልዳነም።

«ዶክተር፣ ካንሰር ነው እንዴ?» አልኩት።

«አይደለም። ይህ መድኃኒት ዕጢንም፣ እንዲህ ያበጠ ጠባሳንም ያከስማል። የእርስዎ ጠባሳ ብቻ ነው» አለኝ።

አመንኩት። አውቶቡሳችን የጎጀብን ወንዝ እስኪሻገር ድረስ አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ግን ለእማዬ ምን እንደምላት ሳስብ መቀመጫው ቆረቆረኝ።

ቤት እንደገባሁ «ምን ወጉሽ?» አለችኝ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ያንን ስም ግን አትረሳውም። መዋሸት አቃተኝና ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውንም ጨመርኩላት። አንገቴን ግራና ቀኝ ዳበሰችኝ። ያበጠ ነገር አላገኘችም።

«ለእሱ ያልበጀው ላንቺ ይበጅሽ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አምናኝ ይሁን አላውቅም። እኔም ይህን እየጻፍኩ ግራ እጄ ከአንገቴ ላይ አልወርድ ብሏል።