ፎቶዬን አታውጡ ያሉት ጠበቃ ዞራይዴ

ጠበቃ ዞራይዴ ዳ ኮንሴይሳው ከአባታቸው ከአቶ ሴቬሪኖ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤውሊና እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1961 በካሾኤራ ከተማ፣ ወንዙ ዳር በሚገኘው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የጀልባ ጭነት ያራግፉ ነበር። እናታቸው ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ባለው ፋብሪካ ሲጋር ይጠቀልሉ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ፎቶ ፈልጋችሁ ያጣችሁ ወዳጆች ማተሚያ ቤቱን እንዳትቆጡ። አታውጡ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ሲነበብ ይሰማል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በካሾኤራ አጠናቀው፣ ሳልቫዶር ከተማ በጨርቅ መሸጫ ሱቅ እየሠሩ በ1989 በሕግ ተመረቁ። ሕዝቡ አብዛኛው ጥቁር በሆነበት ከተማ አብረዋቸው የተመረቁት ጥቁሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1991 ከባቡር መካኒኩ ከአቶ ኦቶኒየል ጋር ጋብቻ ፈጽመው መንትዮቹን ኮስሜንና ዳሚያናን አፍርተዋል።

ከጫማ ጠጋኝ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ቢሮ ከፍተው ሠላሳ አራት ዓመት ለድሃና ለጥቁር ተከራከሩ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የፍርድ ቤቱ ዘበኞች መታወቂያ ሳይጠይቁ ያስገቧቸው ቀን አልነበረም። “እማማ፣ የተከሳሽ ቤተሰብ በዚያ በኩል ነው” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም “ልጄ፣ ተከሳሹ ቤተሰቤ መሆኑንማ ማን ነገረህ?” ብለው በዋናው በር ይገቡ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ጄኒቫልዶ ግንበኛ ነበር። በ1998 አንድ ጠዋት የምሳ ዕቃውን ይዞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ፖሊሶች ግድግዳ አስደግፈው ፎቶ አነሱትና ለቀቁት። ምንም ጥፋት አልተገኘበትም። ፎቶው ግን ለተበዳዮች በሚታየው የጣቢያው የተጠርጣሪዎች አልበም ገብቶ ቁጥር 43 ሆነ። የምሳ ዕቃው ማንጠልጠያ እስከ ዛሬ በፎቶው ጥግ ላይ ይታያል። ጄኒቫልዶ በ2009 ሥራ ላይ ሳለ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ።

በ2015 አንድ መድኃኒት ቤት ተዘረፈ። ባለቤቱ ጣቢያ ሄዶ አልበሙን ቢያገላብጥ “እነዚህ ናቸው” ብሎ ቁጥር 41ንና ቁጥር 43ን ጠቆመ። ቁጥር 41 አዴልሶን የሚባል ዳቦ አዳይ ነበር፤ በማግስቱ ታሰረ። ቁጥር 43 “ተሰውሯል” ተብሎ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። የአዴልሶን እናት ለምነዋቸው ጠበቃ ዞራይዴ መዝገቡን ሲከፍቱ፣ ከስድስት ዓመት በፊት አፈር ያለበሱት ወንድማቸው አፍጥጦ ጠበቃቸው።

በችሎቱ ቀን የሞት የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዳኛው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ዐቃቤ ሕጉን “እርስዎ” እያሉ እሳቸውን “አንቺ” የሚሉ ሰው ነበሩ።

“ምስክሩ ውሸታም ነው ልትይ ነው?” አሏቸው።

“የለም፣ ክቡር ዳኛ። የተሰወረው ተጠርጣሪ ያለበትን ልጠቁምዎ ነው። ካሾኤራ፣ የሰፈራችን ማኅበር መቃብር፣ በስተግራ ሦስተኛው ረድፍ። ፖሊስ ቢልኩ አይሮጥም።”

ዳኛው ምን ቢፈርዱ ጥሩ ነው? ምስክሩ በአንዱ ቢሳሳት በሌላው ተሳስቷል አያሰኝም ብለው አዴልሶን ላይ ስድስት ዓመት ፈረዱ። ሙት ሲዘርፍ አየሁ ያለ ሰው ታመነ፤ ዳቦ ሲያድል የዋለ ሰው ግን አልታመነም። የበላይ ፍርድ ቤት በነጻ እስኪያሰናብተው ድረስ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታስሯል፤ ልጁም ዳዴ ማለትንና መራመድን አባቱ ሳያየው ተማረ።

ከዚያ በኋላ ጠበቃ ዞራይዴ ጥፋት በፍርድ ያልተረጋገጠበት ሰው ፎቶ ሁሉ ከአልበሙ እንዲወጣ ከሰሱ። ጉዳዩ ዘጠኝ ጊዜ ተቀጠረ። በወንድማቸው ላይ የወጣው የመያዣ ትእዛዝ እንዲሰረዝ ሲጠይቁም “ባለጉዳዩ በአካል ቀርበው ማንነታቸውን ያስረዱ” የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን ለቤተሰቡ ጮክ ብለው አንብበው ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በ2022 በጣፊያ ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ ኦገስት 7 ቀን 2024 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ስለዚህ ጽሑፍ ሲጠየቁ “የጥቁር ሰው ፎቶ አንዴ ከቤቱ ከወጣ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ የእኔን አታውጡ። የሚያውቀኝ ያለ ፎቶ ያውቀኛል” ብለዋል።

ፍርድ ቤቱ ትናንት የአበባ ጉንጉን ልኳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቤተሰቡ አልተቀበለውም። የአልበሙ ክስ ዐሥረኛ ቀጠሮ ኖቬምበር 12 ነው፤ አበባ መላክ የቻለ እጅ ያን ቀን ውሳኔውንም ይጻፍ። የዛሬውን ሬሳ ሣጥን ከፊት የተሸከመው አዴልሶን ነው።

ባለቤታቸው አቶ ኦቶኒየል፣ ልጆቻቸው ኮስሜና ዳሚያና እንዲሁም ይህን የጻፈችው የጄኒቫልዶ ልጅ ሉዚኔቴ በሐዘን ላይ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ችሎት የተንገላቱትን ነፍስ እግዚአብሔር በማያዳላው ችሎቱ፣ ሳይቀጥር ይቀበልልን።

የሚቀበሩት በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ወንድማቸው አጠገብ ነው። የመያዣ ትእዛዙ ዛሬም አልተሰረዘም። ፖሊስ ቁጥር 43ን ፍለጋ ከመጣ ይምጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጠበቃው ከጎኑ ናቸው።