ከእሑድ ስብሰባ የሚያስቀር ምሳ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ደገፋ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የምግብ ፍላጎትዎስ? እኛ ከምግቡ ነገር በቀር ደህና ነን። እኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የምሠራው ልብስ ሰፊ ገረሱ ሚደቅሳ ነኝ። ሂስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ብለው ስለ ፈቀዱልን፣ ይኸው ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

1. በቅድሚያ ምስጋና። ልጄ ደሚቱ የኪነት ቡድኑ ውስጥ ስትገባ፣ ለሰልፍ አትሆኚም፣ ወፍራም ነሽ ብለው በሰው ፊት ስለ ነገሯት እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ እየሸሸች ስትከሳ፣ አርአያ ወጣት የሚል የምስክር ወረቀት ስለ ሰጧትም ባለውለታዬ ነዎት። የደንብ ልብሷን ወገብ ሦስት ጊዜ ያጠበብኩት ግን እኔው አባቷ ነኝ፤ ይህን ግለ ሂስ አድርገው ይያዙልኝ። እያጠበብኩ ደስ ይለኝ ነበር፣ እኔን አፈር ይብላኝ!

2. ራሷን ስታ ወድቃ ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ ሐኪሟ ነገሩ ግትርነት ሳይሆን በሽታ መሆኑን፣ አጥንቷ ወጥቶ እንኳ መስታወት ፊት ስትቆም ወፍራም ሆና እንደምትታያት አስረዱኝ። እርስዎ ግን ከቤታችን በር ላይ አንዴ አይተዋት የከበርቴ ልጅ ቅብጠት መሆኑን ስለ ለዩት፣ ችሎታዎ ይደንቃል። ከበርቴነቴን የስፌት መኪናዬ እንኳ እስከ ዛሬ አልሰማችም።

3. በውይይት ክበቡ ቆማ ለምን እንደማትበላ ግለ ሂስ እንድታደርግ ያዘዙላት መድኃኒትም አልሠራም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልቅሳ ተመለሰች፤ በማግስቱ ውሃም እምቢ አለች።

4. የሐኪሟ መድኃኒት የተለየ ነው። በየሳምንቱ ክትትል፣ በየማዕዱም ሳይቆጣ፣ ጉርሻ ሳያስገድድ፣ ስለ ሰውነቷ ሳያነሳ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ያ ሰው እኔ ነኝ። የእሑዱ ስብሰባ ከምሳዋ ጋር ስለሚጋጭ ፈቃድ ብጠይቅዎ፣ ለምሳ ብሎ ከአብዮቱ የሚቀር የለም አሉኝ። ለቀብሯ ቢሆን ግን እንደማይከለክሉኝ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ፣ ጓድ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስለ ወጣቶቻችን ቁመና እንቅልፍ ላጡት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና የሞላ ገበታ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ገረሱ ሚደቅሳ
የካቲት 1974 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ሳላስፈቅድ ቀርቻለሁ። ደሚቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች ሳህኗን ጨረሰች። ስለዚህ የፊታችንን እሑድም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም ከወዲሁ ቀሪ ብለው ይመዝግቡኝ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን የሚልኩብኝ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ከምሳ በኋላ ይሁን።